የጓዳው ውኃ

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት ፈንታነሽ የስፌት ጓዳዋን በር ከፍታ እግሯን ስታስገባ ቀዝቃዛ ውኃ ረገጠች።

መጀመሪያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ቆርቆሮው ደረቅ ነው፤ አንዲት ነጠብጣብ የለበትም። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ከላይ አልገባም ማለት ነው። ጎንበስ ብላ ግድግዳውን ዳሰሰች። ከግርጌው አንድ ክንድ ያህል ረጥቧል፤ ጭቃው በጣቷ ስትነካው እንደ ሊጥ ሰርጎድ አለ። ከመደርደሪያው ሥር ያስቀመጠችው ሞሰብ ትዝ ያላት ከዚህ በኋላ ነው።

ፈንታነሽ በደብረ ታቦር ከተማ በስፌት የታወቀች ሴት ናት። ባሏ መምህር ሙላቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እሷና ሴት ልጇ ሕይወት የሚኖሩት በእሱ ጡረታና በዚያች ጓዳ በሚሰፋው ሞሰብና ሌማት ነው። ጓዳዋንም የሠራላት ሙላቴ ራሱ ነበር፤ ከዋናው ቤት ጎን፣ ወደ ጎረቤታቸው ወደ አቶ ይሻው አጥር አስጠግቶ። «ስንደዶ እርጥበት ይጠላል፤ ለብቻሽ ደረቅ ቦታ ያስፈልግሻል» ብሏት ነበር። አሁን በዚያ ደረቅ ቦታ ለአንዲት የገሳይ ከተማ ሙሽራ አራት ወር ሙሉ የሰፋችው ሞሰብ ግርጌው ውኃ ጠጥቷል። ወይን ጠጁ አለላ ቀለሙን ለቆ ነጩን ስንደዶ አጨማልቆታል።

ሕይወት ከኋላዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ይሄ ሁሉ ከየት ገባ?»

የፈንታነሽ ዓይን ግድግዳው ላይ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የአቶ ይሻው ግቢ ነው።

አቶ ይሻው በዕድሜ የሚበልጧት፣ ከመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሙላቴ ጋር ወንድማማች ይመስሉ ነበር፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱም እሳቸው ናቸው። ታዲያ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ «ፈንታዬ፣ ያችን የጎኗን ክፍል ለምን ከነቦታዋ አትሸጭልኝም?» አሏት። «ምን ያደርግልዎታል?» ብላ ጠየቀች። «ዝም ብሎ ነው» አሉ። ዝም ብሎ መሬት የሚገዛ ሰው አይታ ስለማታውቅ እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው አጠረ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ አጥሩን ተጠግተው፣ ከእሷ ጓዳ ከፍ ብሎ፣ ለሚከራይ ሦስት ክፍል ሰርቪስ በብሎኬት አሠሩ። አሁን ሁለት መምህራን ተከራይተውበታል።

ጓዳው በቆመበት አሥራ ሁለት ዓመት ውኃ ገብቶበት አያውቅም። ሰርቪሱ በተሠራ በመጀመሪያው ክረምት ገባ። ፈንታነሽ ይህን በልቧ ደምራ ጨረሰች።

እናትና ልጅ ጠዋቱን ሙሉ ውኃውን በጆግ እየቀዱ ሲደፉ፣ ስንደዶውን ወደ መኝታ ቤት ሲያጓጉዙ፣ የቀረውን ዕቃ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው ሲያስቀምጡ ዋሉ። ከግቢ የወጣ ሰው የለም። ለማንም አልነገሩም። ከሰዓት በኋላ ግን የአቶ ይሻው ባለቤት ወይዘሮ ወርቅነሽ የተጠቀለለ ላስቲክ በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ለወለሉ ይሆንሻል ብዬ ነው። ቤት ተቀምጦ ነበር» አሉና ዓይናቸውን ወደ ጓዳው ሳያነሡ ላስቲኩን በረንዳው ላይ አኑረው ተመለሱ።

ሕይወት እናቷን አየቻት። «ማን ነገራቸው?»

«እኔም እሱን ነው የምለው» አለች ፈንታነሽ።

ላስቲኩን አላነጠፈችውም። ማዕዘን ላይ አቆመችው፤ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ስታየው ግን ያ ጥያቄ ይነሣባታል። ማን ነገራቸው?

ከዚያ ቀን በኋላ ማየት ጀመረች። ማልዳ ተነሥታ በአጥሩ ባሕር ዛፍ ቀዳዳ ወደ ማዶ ታያለች። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ የጉና ተራራ በጉም ተሸፍኖ ካፊያ ሲያካፋ፣ አቶ ይሻው ላስቲክ ቆብ ደፍተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ በአጥሩ ጥግ በዶማ ሲቆፍሩ አገኘቻቸው። ቆፍረው ያወጡትን አፈር በእግራቸው ይጠቀጥቃሉ፤ ደግሞ ቀና ብለው ወደ እሷ ቤት ይመለከታሉ።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ይሻው!» አለች ጮክ ብላ።

ደነገጡ። ዶማቸውን ከእግራቸው አጠገብ አወረዱት። «እግዚአብሔር ይመስገን። ድንቹ ላይ ውኃ ተኛብኝ፣ ፈሰስ ላውጣለት ብዬ ነው።»

ድንቻቸው ከግቢያቸው በዚያኛው ጫፍ ነው። ፈንታነሽ የድንቹን አበባ ከቆመችበት ታየዋለች። ወደ ቤቷ ገባች።

«ውኃውን ወደ እኛ እየመራው ነው» አለቻት ለሕይወት። «ክፍሉን እንደማልሸጥ ሲያውቅ፣ በስብሶ ይውደቅና በራሷ ጊዜ ትለቀዋለች ብሎ ነው።»

«እሳቸው? አባባ ይሻው? እማ፣ አባዬ ሲታመም እኮ በወሳንሳ ተሸክመው…»

«ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ሰውም እንደዚያው ነው።»

«እንግዲያው ቀበሌ እንክሰሳቸው።»

«በምን ማስረጃ? ውኃ ፈርሞ አይገባ!»

ለጊዜው ቤቷን ማዳን ነበረባት። የማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው አፈር ሞሉና በጓዳው ግድግዳ ግርጌ ደረደሩ። የቆርቆሮውን አሸንዳ ከቅጠልና ከአፈር ጠርገው፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ ከመሠረቱ ራቅ ብሎ እንዲፈስ ቱቦ ቀጠሉለት። ከዚያም ግንበኛውን ዘውዱን ጠራች። ዘውዱ ግድግዳውን ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ጭቃውን ልጦ በሲሚንቶ ለሰነው። ወለሉንም ደፈነው። «አሁን ታስሯል እትዬ ፈንታነሽ» አለ እጁን እየታጠበ። «ከፈለገ ሌላ ቤት ይሂድ።»

ሳምንት አልቆየም። በሐምሌ መጨረሻ ሁለት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለና ውኃው በግድግዳው መግባቱን ትቶ ከወለሉ መሐል ሲሚንቶውን ሰንጥቆ ወጣ። እንደ ምንጭ እየተንፎለፎለ ነበር። ከጓዳው አልፎ በዋናው ቤት ደፍ ሥር ሲገባ ምንጣፉ ጠጣው፤ የሳሎኑ ግድግዳም በማግስቱ ማበጥ ጀመረ።

ዘውዱ ተጠርቶ መጣ። ተንበርክኮ እጁን ስንጥቁ ውስጥ ከተተና ቆየ። ሲነሣ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ይሄ ከዝናብ የሚሰርግ ውኃ አይደለም፣ እትዬ። መንገድ ያለው ውኃ ነው።»

«መንገዱን ማን አወጣለት?»

ዘውዱ ሳያስበው ወደ አቶ ይሻው ሰርቪስ አየ። ወዲያው ዓይኑን መለሰና መዶሻውንና የልስን ማንኪያውን ከረጢቱ ውስጥ መክተት ያዘ። «እኔ ግንበኛ ነኝ፤ የውኃ ነገር አላውቅም» አለ። የሠራበትን እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ።

«እማ» አለች ሕይወት እየሄደ ሳለ፤ «የሰርቪሱን መሠረት ያወጣው እሱ አይደል እንዴ?»

ፈንታነሽ በዚያ ቀን እህል አልቀመሰችም። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ሚስትም፣ ግንበኛውም አንድ ነገር ያውቃሉ። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ቤቷ የሚፈርሰውም የእሷ ነው። ተቀምጣ ስታስብ ዓይኗ አለላ የምትነክርባቸው የቀለም ዱቄቶች ላይ ዐረፈ። በየጣሳው ቋጥራ ያስቀመጠቻቸው ናቸው፤ ወይን ጠጅ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። አንዲት ቁንጥር አንድ እንስራ ውኃ ታቀላለች። ውኃ መፈረም ባይችልም ቀለም ከያዘ ከየት እንደመጣ መደበቅ አይችልም።

ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር አቶ ይሻውና ሚስታቸው በየቀኑ ከረፋድ ጀምሮ ለቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመለሱት። በጾሙ በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ ጠበቀችና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። እንደ ሌባ በሰው ግቢ ስትሽሎከሎክ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አቶ ይሻው በካፊያ የቆፈሩትን ቦይ አገኘችው። ውኃ እየወረደበት ነው። ወይን ጠጁን ቀለም በተነችበት።

ሮጣ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ከወለሉ የሚወጣው ውኃ እንደነበረ ነው፣ ጥርት ያለ። ጠበቀች። አሁንም ጥርት ያለ ነው። በመጨረሻ ወደ ደጅ ወጥታ ስታይ ወይን ጠጁ ውኃ በአጥሩ ጥግ ቁልቁል ወርዶ፣ ግቢዋን ሳይነካ አልፎ፣ በታችኛው መንገድ ዳር እየፈሰሰ ነበር።

የአቶ ይሻው ቦይ ውኃውን ከእሷ ቤት የሚያርቅ እንጂ የሚያመጣ አልነበረም።

ይህ ግን አላረጋጋትም፤ ይልቁን አናደዳት። ደግ የሠራ ሰው ለምን ይዋሻል? ለምን ድንች ይላል? ቀዩን ቀለም ይዛ ተመለሰች። አሁን ወደ ላይ ወጣች፣ እስከ ላይኛው መንገድ። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ከመንገዱ ማዶ በቱቦ ተሻግሮ በአቶ ይሻው አጥር አናት ላይ ይደርሳል። ጥቂቱ ወደዚያች አዲስ ቦይ ይታጠፋል። የቀረው፣ ብዙው፣ ወደ ሰርቪሱ ይሄድና ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ገብቶ ይጠፋል። ሲገባ ድምፅ አለው፣ እንደ ጥማተኛ ሰው ጉሮሮ። ፈንታነሽ ጣሳውን እንዳለ ገለበጠችበት።

ግቢዋ ሳትደርስ የሕይወትን ጩኸት ሰማች።

«እማ! እማ ነይ! ደም ነው!»

ጓዳው ውስጥ ከወለሉ ስንጥቅ የሚፍለቀለቀው ውኃ ደም መስሎ ሲሚንቶው ላይ ተንጣሎ ነበር። ሕይወት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፈንታነሽ ልጇን ዐቀፈቻት። «ደም አይደለም። የእኔው ቀለም ነው» አለቻት። እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ ነበር።

ያንኑ እጇን ሳትታጠብ በአቶ ይሻው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ወይዘሮ ወርቅነሽ እጇን አይተው «በስመ አብ!» አሉ።

«ጋሽ ይሻው» አለች ፈንታነሽ፤ «ሰርቪስዎ ሥር ምንድን ነው ያለው?»

አቶ ይሻው ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው ወደ መሬት አዩ። «ንገሯት» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ በቀስታ። «እኔ መሸከም አቅቶኛል። ያን ለታ ላስቲኩን ስወስድላት እንኳ ዓይኗን ማየት አልቻልሁም።»

ሽማግሌው በራቸው ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ፈንታዬ… ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ያለው ቦታ ጥንት ፈሰስ ነበር። ግራና ቀኙ በድንጋይ የተካበ፣ ከላይኛው መንገድ እስከ ታችኛው መንገድ የሚወርድ። የኮረብታው ጎርፍ መሄጃው እሱ ነው። የማንም አይደለም፤ የከተማው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፣ በበጋ፣ አንቺ እናትሽን ልታስታምሚ ይፋግ በሄድሽበት ወር፣ እኔና ሙላቴ ተመካከርንና ደፈንነው። ከላይ ያለውን እኔ፣ ከታች ያለውን እሱ ወሰድን። እሱ ያንቺን ጓዳ ሠራበት። እኔ ጌሾ ተከልሁበት።»

ፈንታነሽ ዞራ ጓዳዋ ወዳለበት አየች።

«የደፈንነው በጥርብ ድንጋይና በፍርስራሽ ስለሆነ ውኃው በመካከሉ እየሰረገ ከታች ይወጣ ነበር። ማንም ሳያውቅ ኖርን። ዘንድሮ ግን እኔ ሰርቪሱን ልሠራ ስል መሠረቱ ተረገጠበት፤ በሲሚንቶ ተጠረቀመ። ውኃው መሄጃ ሲያጣ ያንቺን ወለል ገፋ።»

«ክፍሉን ሽጭልኝ ያሉኝስ?»

«ሰርቪሱን ሳልሠራ ገዝቼ ላፈርሰውና የታቹን ልከፍተው ነበር። ሳልናገር።»

«ለምን ሳይናገሩ?»

«ብናገር ቀበሌው ይመጣል። ሰርቪሴ ይፈርሳል። የሙላቴም ስም ይነሣል።»

«የሙላቴን ስም ለእኔ ይተዉት!» አለች ፈንታነሽ። «ሙት አይመልስም ብለው ነው በእሱ የሚያላክኩት። ሙላቴ የሰው መሬት አይነካም። ልጆችን ስርቆት ነውር ነው እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው!»

አቶ ይሻው አንገታቸውን ደፉ።

ቤቷ ገብታ ዶማ አነሣች። ሕይወት ብትለምናት አልሰማች፤ የጓዳውን ወለል ስንጥቁን ይዛ መቆፈር ጀመረች። ሲሚንቶው በቅርፊት በቅርፊት ተነሣ። ከሥሩ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ጋር የተሰባበረ ልስን። ሕይወት አንዱን ስባሪ አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው። አንድ ፊቱ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው፤ በላዩም በነጭ የተሰመረ መስመር አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም።

«እማ፣ ይሄ የጥቁር ሰሌዳ ስብርባሪ ነው።»

ፈንታነሽ ዶማውን ጣለች። የሙላቴ ትምህርት ቤት የድሮ ክፍሎቹን አፍርሶ አዲስ ሲሠራ ታስታውሳለች። ከይፋግ ስትመለስ በግቢው የቀረ ፍርስራሽ ተቆልሎ አግኝታ ነበር። «ለመሠረት ነው» አላት ሙላቴ። አጥሩ ወደ ማዶ ገፋ ማለቱን፣ በመካከል የነበረው ቁጥቋጦ የዋጠው ጎድጓዳም መጥፋቱን አይታለች። ግን አዲስ ጓዳ ሊሠራላት ነበር፤ ደስ ብሏት ነበር። ቦታው ከየት እንደተገኘ አልጠየቀችም። ለሠራተኞቹ ምሳ ያቀረበችው ራሷ ነበረች።

ጭቃው ላይ ተቀመጠች። የተሰበረውን ሰሌዳ እያገላበጠች፣ የባሏ እጅ የጻፈበት ሊሆን ይችላል ብላ ፊደል ፈለገችበት። መስመር ብቻ ነው።

በማግስቱ አቶ ይሻው ዘንድ ሄደች። «ይከፈት» አለች። «እኔ ጓዳዬን አፈርሳለሁ፤ እርስዎም የመካከለኛውን ክፍል ያፍርሱ።»

«እስከ መስከረም ታገሺኝ። ተከራዮች አሉብኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ…»

«ዝናቡ እስኪያባራ ቤቴ ይቆምልኛል?»

«ላስብበት» አሉ።

ላስብበት! እስከ መስከረም ሌላ መላ ይፈልጋሉ፤ እሷ ጓዳዋን አፍርሳ ስትቀር እሳቸው ሰርቪሳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እንደዚህ ጠርጥራ፣ ጥርጣሬዋን ይዛ፣ ያም ሆኖ ያንኑ ቀን ማፍረስ ጀመረች። ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ዘውዱ ሳይጠራ መጣ። ራሱን እያከከ፣ «መሠረቱን ስቆፍር የድሮውን ካብ አይቼዋለሁ፤ ጋሽ ይሻው ዝም በል አሉኝ፣ ዝም አልሁ» አለና ቆርቆሮውን ሊነቅል ጣሪያ ላይ ወጣ። በሦስት ቀን ጓዳው ፈርሶ፣ ፍርስራሹ ወጥቶ፣ የታችኛው ፈሰስ ከነካቡ ተገለጠ። ሰፊ ነበር። ላም ከነጥጃዋ ታልፍበታለች።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉና በኩል ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መጣ። የቆርቆሮው ድምፅ እናትና ልጅን ጎን ለጎን ቆመው እንኳ እንዳይደማመጡ አደረጋቸው። በረዶው ሲያቆም ጎርፉ ደረሰ። ከላይኛው መንገድ ቅርንጫፍና ድንጋይ እየነዳ መጥቶ በሰርቪሱ ላይ ተቆለለ። የአቶ ይሻው ትንሿ ቦይ ወዲያው ተዋጠች። ግቢያቸው ኩሬ ሆነ። ተከራዮቹ መምህራን ፍራሻቸውን በራሳቸው ተሸክመው ወጡ። ውኃው እየሞላ ወደ አጥሩ፣ ወደ ፈንታነሽ ዋና ቤት ዞረ።

ፈንታነሽና ሕይወት የአፈር ከረጢቶቹን በሳሎኑ በር ላይ ደረደሩ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ያመጡትን ላስቲክ ከማዕዘኑ አንሥታ በከረጢቶቹ ላይ ወጠረችው። ቀና ስትል አቶ ይሻውን አየቻቸው።

እስከ ጭናቸው ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ ዶማቸውን ይዘዋል። በቀኛቸው ሰርቪሱ አለ፣ ብሎኬት በሲሚንቶ። በግራቸው አጥሩ የቆመበት የአፈር ድንበር አለ። ያን አፈር ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመቱት ይናዳል፤ ውኃውም በሙሉ በፈንታነሽ ቤት ውስጥ ይሄዳል፤ የእሳቸው ግቢ ይድናል። አቶ ይሻው ፊታቸውን ወደ አፈሩ አዙረው ነበር። ዶማውን ወደ ላይ አነሡ።

«ጋሽ ይሻው!»

ጩኸቷ በውኃው ላይ ተሰማ። ሽማግሌው ዶማውን እንዳነሡ ቀሩ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዝናቡ በፊታቸው ላይ ይወርዳል፤ በዚያ ፊት ላይ ምን እንዳለ ከሩቅ ማንበብ አልቻለችም።

ከዚያ ወደ ቀኝ ዞሩ። የመካከለኛውን ክፍል ግድግዳ በዶማው መቱት። ደገሙት። ብሎኬቱ አልበገር አለ። ፈንታነሽ ከረጢቶቹን ለሕይወት ትታ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች። ዘውዱም ከታችኛው መንገድ መዶሻውን ይዞ ሲሮጥ ደረሰ። ሦስቱ ተፈራረቁበት። ሳይነጋገሩ፣ ሳይተያዩ። መጀመሪያ አንድ ብሎኬት ወለቀ፤ ቀጥሎ ውኃው ራሱ ሥራውን ያዘ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ ወለሉ ከነሲሚንቶው ተነቅሎ ሄደ። ጎርፉ የድሮ መንገዱን አግኝቶ እያጓራ በሰርቪሱ መካከል አለፈ፤ ጓዳው በነበረበት በኩል በካቡ መሐል ቁልቁል ወርዶ በታችኛው መንገድ ተወረወረ።

ጎርፉ የደፈረሰ ስለነበር በሁለቱም ቤት ደለል ገባ። የፈንታነሽ ሳሎን አንዱ ግድግዳ እንደገና መለሰን አለበት። ቤቱ ግን ቆሟል። የአቶ ይሻውም ቆሟል። ከሰርቪሱ ሁለት ክፍል ብቻ ቀረ፤ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ፣ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ።

ከሳምንት በኋላ ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጡና ፈሰሱን በሜትር ለኩ። ማን ደፈነው ብለው ጠየቁ። አቶ ይሻው «እኔ ነኝ» አሉ። ፈንታነሽ አቋረጠቻቸው። «እሳቸውና ባለቤቴ ናቸው» አለች። አቶ ይሻው ቀና ብለው አዩዋት። ሰዎቹ ጻፉ። ፈሰሱ ዳግመኛ እንዳይነካ አስጠንቅቀው ሄዱ።

ያን ዕለት ማታ በእራት ላይ ሕይወት እጇን ከማዕዱ መልሳ ጠየቀች። «እማ፣ አባዬ ትክክል እንዳልሆነ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር» አለች ፈንታነሽ። እንጀራ ቆርሳም፣ «እኔም ብጠይቅ ኖሮ አውቅ ነበር» አለች።

የገሳይዋን ሙሽራ ሞሰብ እንደ አዲስ ጀምራዋለች፤ አሁን የምትሰፋው በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሲመሽ ስንደዶው ከአልጋው ላይ ይነሣል። አቶ ይሻው ዶማ አንሥተው ፊታቸውን ወደ አፈሩ አዙረው የቆሙበትን ያን ጊዜ ግን ስትሰፋም አትረሳውም። ባትጮህ ኖሮስ? ሕይወት «ቦታ እየመረጡ ነበር እንጂ አይመቱትም ነበር» ትላለች። ዘውዱ «አላየሁም» ይላል። ወይዘሮ ወርቅነሽ አልተጠየቁም። ፈንታነሽም አቶ ይሻውን አልጠየቀቻቸውም፤ የሚሰጧትን መልስ ታምን እንደሆነ ራሷ አታውቅም።

በጳጉሜን አቶ ይሻው ከፈረሰው ክፍል የተረፈ ወፍራም ጣውላ ይዘው መጥተው በፈሰሱ ላይ ዘረጉት።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለች ፈንታነሽ ከማዶ።

«መሻገሪያ ነዋ። እኛ ወደ እናንተ፣ እናንተ ወደ እኛ በመንገድ ዞረን እስከ መቼ?»

ጣውላውን በእግሯ ረግጣ ሞከረችው። ጠንካራ ነው። «እሺ፣ ይሁን» አለች።

ወይዘሮ ወርቅነሽ በእሱ ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሕይወትም ትሻገራለች፤ ለአዲስ ዓመት አደይ አበባ ይዛ የሄደችው በእሱ ላይ ነው። ፈንታነሽ ራሷም ሁለት ሦስት ጊዜ ተሻግራለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን፣ በሩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ወጥታ ጣውላውን ወደ ራሷ ግቢ ትስበዋለች። ጠዋት መልሳ ትዘረጋዋለች።